መርዶ ነጋሪዋ ጋልቨስተን ሄደች

እንድሪያስ በትዳር ዘመኑ ሚስቱን ሽርሽር ወስዷት አያውቅም። ስለዚህ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ «ቅዳሜና እሁድን ኦፍ ወስጃለሁ፣ ጋልቨስተን አድረን እንመለሳለን» ሲላት፣ ሰርካዲስ ማማሰያዋን አስቀምጣ አየችው።

«ምን ተገኘ?»

«ሶ፣ ሰው አይዝናናም? ባሕር አለ፤ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች አሉ። ገናን እዚያ ነው አሉ የሚያደምቁት።»

ይኸ ኤርፖርት የሆቴል ቫን ሲነዳ ውሎ ከገባ ከሶፋው የማይነሳ ሰው ነው። የድሮ ቤት ናፈቀው።

ሰርካዲስ ሞኝ አይደለችም። በሚኖሩባት የቴክሳሷ ኧርቪንግ ከተማ ለሐበሻ መርዶ ሲመጣ ቀድማ የምትጠራው እሷ ናት። ስልክ የምታስነቅለው፣ ሰው የምትሰበስበው፣ ሐዘንተኛው ሳይሰማ እህል እንዲቀምስ የምታባብለው እሷ። እዚህ አገር መርዶ እንኳ የሥራ ፈረቃ ይጠብቃል፤ ሰውን እስከ ዊኬንድ ማታለል ደግሞ ሙያዋ ነው።

ሶ፣ ዓይኗን ከፈተች። አዲስ አበባ ስትደውል ወንድሟ ሁለት እሁድ በተከታታይ «እማዬ ወጣ ብላለች» አላት። እናቷ ወይዘሮ ፋንታዬ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በቀር መውጫ የላቸውም። ጓደኛዋ ከበቡሽ የእናቷን ፎቶ «ትልቅ አድርጌ ላሳጥብልሽ» ብላ ወሰደችባት። ትልቅ ፎቶ የት እንደሚቆም ሰርካዲስ ታውቃለች። ዓርብ ስልኩ ከግድግዳው ተነቅሎ አገኘችው። ተበላሽቶ ነው አላት እንድሪያስ፣ ፊቷን ሳያይ።

ሱዳን ከተሰደደች ወዲህ እናቷን አላየቻቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት እንድሪያስ የቤቱን ቁልፍ ለከበቡሽ ሲያቀብል በመስኮት አየችው። ጥቁር ቀሚሷን ከነጠላዋ ጋር አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች።

ጋልቨስተን ለበዓሉ እንደ ድሮ ሰው ለብሶ ጠበቃቸው። ወንዱ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ፣ ሴቱ መሬት የሚጠርግ ጥቁር ቀሚስ። ለሰርካዲስ ከተማው በሙሉ ለቀስተኛ ነበር። እንድሪያስ የተፈለፈለውን የእንጨት በረንዳ ሁሉ በጣቱ እየጠቆመ አሳያት። ምሳ ላይ «ብዪ እንጂ» እያለ ለመናት። ይቺን እንኳ የተማረው ከእሷ ነው።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ፊት ለፊት ቆመችበት።

«እናቴ ናት?»

«ደህና ናቸው አልኩሽ እኮ።»

እሷም ለስንቱ እንዲህ ብላለች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

እሁድ ሲመለሱ ነዳጅ ማደያ ላይ ሽንት ቤት ገብታ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እንድሪያስ አያት፤ ሊነግራት ዳድቶ መኪናውን አስነሳ። ከአፉ ቢያመልጠው የከበቡሽን ምላስ ይፈራል።

ኧርቪንግ ደርሰው አፓርታማቸው ፊት ፓርክ የሚያደርጉበት ቦታ አጡ። የከበቡሽ መኪና አለ፤ የቄሱም አለ፤ የሐበሻው ማኅበር ሰው በሙሉ ተሰብስቧል። ሰርካዲስ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። እንድሪያስ ክንዷን ሊይዝ ሲል ገፈተረችው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ሳላይሽ እማምዬ፣ ሳልቀብርሽ እያለች ደረጃውን ወጣች።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ በባዶ እግራቸው ወጡ፤ ከኋላቸው «እንኳን ደህና መጡ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ትልቁ ፎቷቸው ተሰቅሏል።

«ማን ሞተብን ልጄ?»