ጋሽ ሚስባህ የዘጉት ቤት

የመድረኩን መጋረጃ ስገልጥ ቤቱ ተዘግቶ አገኘዋለሁ።

ትናንት ትቼው የሄድኩት ሦስት ግድግዳ ነበር፤ ፊቱ ለተመልካች ክፍት የሆነ፣ ልጇን የምትጠብቅ እናት ቤት። አሁን አራተኛ ግድግዳ ቆሞበታል። በር አለው፤ መስኮት አለው፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። አጠገቡ ጋሽ ሚስባህ እጃቸውን በባልዲ ውኃ ይታጠባሉ።

ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ተውኔቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ፒያሳ ያለውን ይህን አዳራሽ ያገኘነው ለዛሬ ብቻ ነው፤ የምንሠራበት ፋብሪካ ባልደረቦቻችን ቅርብ ካለችው ኮምቦልቻ ሊመጡ ሚኒባስ ይዘዋል። መድረኩን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያዬም ነው። ግድግዳው እንዲሁ ከቆየ ሦስት መቶ ሰው ጭቃ ሲያይ ይውላል።

ጋሽ ሚስባህ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀለም የተቀባ ጨርቅ አልፈልግም ብዬ ለምኜ ያመጣኋቸው እኔው ነኝ። በአይሱዙ እንዲጫን ቀለል ይበል ስላቸው፣ በቀጭን ባሕር ዛፍ ላይ ጆንያ ወጥረው በስሱ መረጉት። ንድፉን ካዩበት ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለቴም «በዚህ በኩል ክፍት ነው» ብዬ አለፍኩ። እንጨት አጥሮኝ፣ ለመናገር ያፈርኩ መስሏቸዋል። ዛሬ ማለዳ ከጓሯቸው ቆርጠው አምጥተው ዘጉልኝ።

«የሰው ቤት ለነፋስ ትቼ እንዴት እሄዳለሁ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «እንጨቱን አታስቢው።»

በሺር፣ አዘጋጃችን፣ ወደ ጥግ ይስበኛል። በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፦ ይፍረስ። እውነቱን ነው። ነገር ግን የፊተኛው ወንበር ላይ እትዬ መርየም ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው የሠሩትን ለማየት ከቦሩ ሜዳ ድረስ መጥተዋል። የራሳቸው ቤት የጓሮ ግድግዳ ከክረምት ጀምሮ ሲናድ ዞሮ ያየው እንደሌለ፣ ለሚሰማም ለማይሰማም ይናገራሉ። ዓይናቸው ግን ከአዲሱ መስኮት አይነሳም።

ለጋሽ ሚስባህ የምናገረውን ሳወጣና ሳወርድ መስኮቱ ይከፈታል። እናቲቱን የምትጫወተው ከይሪያ፣ በበሩ ገብታ ኖሮ፣ አንገቷን ታወጣለች።

«እኔ በዚህ መስኮት ልተውን። ቀሚሱም እንደሆነ የተዋስኩት ነው፤ ባይታይ ይሻላል።»

ሁሉም ይስቃል። ጋሽ ሚስባህ አይስቁም። ከይሪያን ያያሉ፤ ከዚያ ዞረው የወንበሮቹን ረድፍ ከፊት እስከ ኋላ ያያሉ።

«ይሄ ሁሉ ሰው… ውስጡን ነው የሚያየው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሚስባህ» እላለሁ። «በዚያ በኩል ገብቶ እንደተቀመጠ እንዲሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

መዳፋቸውን እርጥቡ ጭቃ ላይ ያሳርፋሉ።

«ታዲያ ሰው ሳይጣራ የሰው ቤት ውስጥ ይገኛል እንዴ?» ይላሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ቤቱ ይታያል። ቀጥሎ ይጣራሉ። መግባት ከዚያ በኋላ ነው።» ወደ በሺር ይዞራሉ። «ወላሂ፣ አይፈርስም፤ ከተጣሩ በኋላ ይነሳል። ያሰርኩት በገመድ ነው። እኛ አገር ጎጆ ሲዛወር ጣሪያው እንዳለ በሸክም ይሄዳል፤ ይሄ ለአራት ሰው ምኑ ነው?»

በሺር ግድግዳውን ያያል፤ ወንበሮቹን ያያል፤ ገመዱን መፍታት ይጀምራል።

እንሞክረዋለን። እኔና በሺር አንዱን ጎን፣ ሁለት ተዋንያን ሌላውን ይዘናል። ጋሽ ሚስባህ በሩ ፊት ቆመው እንዲጣሩ፣ ከይሪያ ከውስጥ እንድትመልስ፣ ያን ጊዜ እኛ እንድናነሳ ተስማምተናል። ኮታቸውን ያስተካክላሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ቤቶች!»

«ግባ፣ ምን ያስጮህሃል?»

ድምፁ የመጣው ከውስጥ አይደለም። እትዬ መርየም ከወንበራቸው ሆነው፣ ማታ ማታ በቤታቸው እንደሚያደርጉት፣ ሳያስቡት መልሰዋል። በሻሻቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ከይሪያ ከግድግዳው ጀርባ፣ ቃሌን ተቀማሁ ብላ ትከሳለች፤ በሺር፣ ዘጠኝ ሰዓትም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲመልሱ ይማጸናቸዋል። ጋሽ ሚስባህ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። የእኛም ሳቅ ግድግዳውን ያወዛውዘዋል።

«ቢስሚላህ» ይላሉ፤ እናነሳዋለን።

ካሰብኩት ይቀላል። ወደ ጎን እየተራመድን ስናወጣው የመድረኩ መብራት ቤቱ ውስጥ ይገባል፤ በሰሌኑ ላይ፣ በሳጥኑ ላይ፣ በተዋሰችው ቀሚስ በቆመችው ከይሪያ ላይ ያርፋል። የፊቱ በኩል እንዳለ ክፍት ነው። ከየትም መግባት ይቻላል።

እትዬ መርየም ተነስተው በጎን ደረጃ ወደ መድረኩ ይወጣሉ። ሰው ሁሉ በዓይኑ ይከተላቸዋል። ግድግዳውን እንደተሸከምኩ አንገቴን አዞራለሁ። ክፍቱን ፊት ተከትለው ይሄዱና፣ በሩ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ። አረንጓዴ የፕላስቲክ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ጎን ለጎን ያስቀምጡታል፤ ይገባሉ።