ውሃ ያልነካው ነጭ

ሰፈሩ «እሜቴ ጽዱ» የሚላት ጎረቤታችን ቤቷን ነጭ እብነ በረድ ስታስነጥፍ፣ አንጣፊው አስጠንቅቋት ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፤ ሲረጥብ ይጠቁራል። ሎሚና ኮምጣጤ እንዳያስነኩት!» እሷም እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። ምስኪን ባሏ እንኳ ቤቱ ውስጥ በካልሲ ነው የሚሄደው።

አንድ ረፋድ ባሏ ሥራ ሄዶ፣ ሕፃን ልጇን መኝታ ቤት አስተኝታ ሳሎኑን ወለወለች። ወለሉ በሙሉ ረጥቦ ሲጠቁር፣ በሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። የባዶ እግር ቅርጽ ነው። ደጋግማ ወለወለችው፤ ውሃው አልነካውም።

ለአንጣፊው ደወለች። «ምን ቀብተኸው ነው? ሁለት ቦታ ላይ ውሃ እምቢ አለኝ።»

«እኔ ምንም አልቀባሁም እትዬ። የቆመበት ሰው ካለ ፈቀቅ በል ይበሉት!» ብሎ ሳቀባት።

እሷም ሳቀች። ባሏን እንደምትቆጣው፣ «በል እግርህን አንሳ!» ብላ መወልወያውን ሰደደችው።

ውሃው አዳረሰው፤ ነጩ ጠቆረ።

«እፎይ» ብላ ወደ መኝታ ቤቱ የሚወስደውን ኮሪደር ወለወለች። በሩ ጋ ስትደርስ አንድ ነጭ ቅርጽ ቀረ፤ ጣቶቹን ወደ መኝታ ቤቱ ያዞረ ቀኝ እግር።

ግራው ገና ወዳልተወለወለው ክፍል ገብቷል።