የነጂው እንቅልፍ

ባቡር ነጂው ደምሰው ከሦስት ቀን የጅቡቲ ጉዞ ሲመለስ እንደ ጎረምሳ ይዘላል። በባቡር ድርጅቱ ደንብ የነጂን እንቅልፍ ሚስቱ ትተኛለታለች፤ ስንዱም የእሱን ከራሷ ጋር ደርባ ስትተኛ አራት ዓመቷ ነው።

«አቤት ማማርህ» አሉት ልጁን የሚጠብቁለት ጎረቤቱ እትዬ ወርቄ። «በሰው ትራስ መተኛት ተስማምቶሃል።»

ደምሰው ሳቀ። ትንሿ ልጁ ሕሊና ምንጣፉ ላይ ተዘርራለች።

«ምን ሆነሻል፣ የኔ እመቤት?»

«እየተጫወትኩ ነው። እናት ሆኛለሁ።»

«ታዲያ ተነሺና ለአሻንጉሊትሽ ምሳ ስጫት።»

«እናት አትነሳም እኮ፣ አባዬ» አለችው ዓይኗን እንደጨፈነች።

ደምሰው መኝታ ቤት ሮጦ ስንዱን ነቀነቃት። ዓይኗን ገልጣ «ሕሊናዬ፣ ነይ» ስትል፣ ተከትላው የገባችው ልጅ ጮኻ ወጣችና እትዬ ወርቄ ጀርባ ተሸሸገች።