ዶክተሩ የፓርቲውን ጸሐፊ ያባረረ ቀን

«ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ውጣ!»

ዶክተሩ ይህን ሲል በጣቱ ወደ በሩ እያመለከተ ነበር…

ክፍሉ ውስጥ አስራ ሁለት የፓርቲው አባላት ተቀምጠዋል።

ውጣ የተባሉት የስድሳ ስምንት ዓመት ጡረተኛ ናቸው። የፓርቲው ጸሐፊ። ስብሰባ ላይ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ሳይመዘግቡ ስለማያልፉ «ጋሽ ቃለ ጉባኤ» ነው የሚሏቸው።

ዶክተሩ ከአንቱታ ዝቅ ብሎ አናግሯቸው አያውቅም። ዛሬ ግን አንተ አላቸው… በሰው ፊት።

ጋሽ ቃለ ጉባኤ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት።

«እኔ አላደረግኩትም» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ማን ነው ያደረገው?!»

ዝም።

ቁልፉን አስቀመጡና ወጡ…

ነገሩ እንዲህ ነው።

ዶክተሩ ለአስራ ዘጠኝ ዓመት የሕፃናት ሐኪም ነበር። አንድ ሰሞን ሆስፒታሉ ኦክስጅን አልቆበት በአንድ ሳምንት ሦስት ጨቅላ እጁ ላይ አለፉ። የክልሉን ጤና ቢሮ ደጅ ጠና… «በሂደት ላይ ነው» አሉት። ምክር ቤት ድረስ ሄደ… እዚያም «በሂደት ላይ ነው»።

ጋዋኑን ሰቀለና ፓርቲ መሠረተ።

ፓርቲ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ! ከጎሚስታ ቤት በላይ ሁለት ጠባብ ክፍል ናት። «ጠቅላላ ጉባኤያችን ሚኒባስ ውስጥ ይገባል… ያውም ትርፍ ሳይጫን» እያለ ራሱ ይቀልድ ነበር።

ቀልዱ የቆመው የመጀመሪያው ወረቀት የመጣ ቀን ነው።

መኪናው መስታወት ላይ ተሰክቶ አገኘው። በግራ እጅ የተጻፈ በሚመስል ወላጋዳ ፊደል…

«ዶክተር፣ ወደ መርፌህ ተመለስ። ሚስትህን መበለት አታድርጋት።»

ቀዶ ጣለው።

በሳምንቱ ሁለተኛው መጣ። «በየት በኩል ወደ ቤትህ እንደምትገባ እናውቃለን።»

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰው አልሆነም።

መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ተንበርክኮ ከሥሯ ያያል። ሞተር ሳይክል ከኋላው ሲመጣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይገባል። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ይዘጋል። የጨቅላ ደም ሥር በአንዴ የሚያገኘው እጁ ብርጭቆ ሲይዝ ሻይ ይደፋ ጀመር።

ሦስተኛው ወረቀት የተገኘው የተቆለፈው ቢሮ ውስጥ ነው። ገና በጠዋት… ጠረጴዛው ላይ።

የቢሮው ቁልፍ ያለው ደግሞ በሁለት ሰው እጅ ብቻ! በእሱና በጋሽ ቃለ ጉባኤ።

ለዚህ ነው ያባረራቸው።

ወረቀቱ ቆመ። አንድ ቀን… ሦስት ቀን… ሳምንት… «አየሽ፣ እሳቸው ነበሩ!» አላት ለሚስቱ። ሚስቱ ሳህኑን አንስታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

በአስረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በከተማው አዳራሽ የመጀመሪያውን የምርጫ ንግግር ሊያደርግ ነው። ጠዋት ታጥቦ ወጣና አልጋው ላይ የተዘረጋለትን ሸሚዝ ለበሰ።

ደረት ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ።

«ዛሬ አዳራሹ ከገባህ በሕይወት አትወጣም።»

ቤቴ ድረስ ገብተዋል! ሚስቴስ?! ሊጮህ አፉን ሲከፍት…

ወረቀቱ ሞቀው።

ሸሚዙም ይሞቃል። ገና አሁን ነው የተተኮሰው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእሱና ከሚስቱ በቀር ማንም የለም…

ቀና ሲል በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺ…?»

አልካደችም።

«አባቴን የወሰዱት በምርጫ ሰሞን ነው» አለች። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ አስራ አራት ዓመት በር በሩን እያየች ኖረች። እኔ እንደሷ መኖር አልችልም! ብለምንህ አልሰማ አልከኝ… ፈርተህ ብትተወው ብዬ ነው።»

«የቢሮው ቁልፍስ?»

«ገና በማለዳ ከኪስህ ወስጄ፣ ሳትነሳ መለስኩት…»

«ጋሼን እኮ በሰው ፊት አዋረድኳቸው!»

«አውቃለሁ። ልነግርህ አፌ ላይ ይደርስና ይመለስብኛል…» ብላ እዚያው ቁጭ አለች። አልቅሳ አልቅሳ አልወጣላትም።

ዶክተሩ ሳይቆይ ጋሽ ቃለ ጉባኤ ቤት ሄደ። በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ አገኛቸው። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ… ሚስቴ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?!»

«ያን ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኝተናል። እሷ ስትወርድ፣ እኔ ስወጣ። ፊቷ አመድ መስሏል፣ እንባዋን ትጠርጋለች። ገብቼ ወረቀቱን ሳይ ገባኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስናገርዎ ለምን ዝም አሉ?»

ሽማግሌው ጋዜጣውን አጠፉት።

«አስራ ሁለት ሰው ፊት ሚስትህ ናት ልበልህ? እኔ የወጣሁት ከቢሮ ነው፣ ልጄ… ያን ብናገር ቤትህ ነበር የሚፈርሰው። ለብቻህ ልነግርህም ሁለቴ መጥቼ ከበርህ ተመልሻለሁ። ራሷ ትንገረው አልኩ።»

ያን ቀን ከሰዓት ዶክተሩ ጋሽ ቃለ ጉባኤን ይዞ አዳራሹ መድረክ ላይ ወጣ። ንግግሩን የጀመረው በፖለቲካ አልነበረም።

«እኚህን ሰው በአስራ ሁለት ሰው ፊት ያለ ጥፋታቸው አዋርጃቸዋለሁ። ዛሬ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ወረቀቱን የጻፈውን ሰው አግኝቼ ተነጋግረናል።»

ማን እንደሆነ አልተናገረም። ሚስቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች…

በምርጫው አንድ ወንበር አገኙ። አንድ ብቻ!

ፍርሃቱ ለቀቃቸው ወይ? አለቀቃቸውም። እሱ ምክር ቤት በዋለ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ እሷ በር በሩን ታያለች። እሱም ሞተር ሳይክል ሲሰማ ዛሬም ዞር ይላል። ልዩነቱ አሁን ተነጋግረው፣ አብረው ነው የሚፈሩት።

ወዳጆቼ… ስንፈራ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ብዙ ጊዜ መልስ የማይመልስልንን ሰው ነው። ዝም ያለ ሁሉ ግን ጥፋተኛ አይደለም። አንዳንዱ ዝም የሚለው የእኛን ገመና ተሸክሞ ነው።

እናንተስ? በጋሽ ቃለ ጉባኤ ቦታ ብትሆኑ ስማችሁ ሲጠፋ ዝም ትሉ ነበር… ወይስ እውነቱን እዚያው ታፈርጡት ነበር? ከልባችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ።