የንግሥቴ አቤት

የአዳራሹ በር ተከፈተና ወንዳወቅ አያ አድማሴን በክንዳቸው ደግፎ ሲያስገባ፣ እህተ ማርያም ከወንበሯ ብድግ አለች። ከወንዳወቅ ጋር እንዲህ አልተባባሉም ነበር።

«ተቀመጪ እንጂ፣ ለማሳያ ነው» አላት ሥራ አስኪያጁ ወንዳወቅ።

ለማሳያ! ሽማግሌ እንደ ገበያ በግ ተጎትቶ ሲቀርብ ማሳያ ይባላል እንግዲህ።

በፍኖተ ሰላሙ የአረጋውያን መጦሪያ የሥልጠና ቀን ነው። የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አረጋውያን የሚንከባከብ ሁሉ ሳይሠለጥን አይሠራም ስለተባለ፣ ሲስተር ሠርክአዲስ የምትባል አሠልጣኝ ከባሕር ዳር መጥታለች። የሚረሳን ሰው አትከራከሩት፣ አትሳቁበት፣ እሱ ካለበት ግቡና አብራችሁት ሁኑ ስትል አርፍዳለች። ይህን ስትሰማ እህተ ማርያም እፎይ ብላ ነበር፤ የእሷ ሥራ ኃጢአት ይሁን ጽድቅ ሳይለይላት ከርማለችና።

አያ አድማሴ የሽንዲ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ንግሥቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እሳቸው ግን ሞቷን ረስተውታል። ነጋ ጠባ ይጣሯታል። ሠራተኞቹ «ሞታለች እኮ» እያሉ በየቀኑ አዲስ መርዶ ያረዷቸዋል፣ እሳቸውም በየቀኑ እንደ አዲስ አልቅሰው እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ። አንድ ቀን «ንግሥቴ!» ብለው ሲጣሩ እህተ ማርያም አንጀቷ አልችል አለና «አቤት» አለች። ከዚያ ወዲህ ከእሷ እጅ ይበላሉ፣ ልብሳቸውን ትቀይርላቸዋለች፣ አልቅሰውም አያውቁ።

ይህን የነገረችው ለወንዳወቅ ብቻ ነበር። አለቃዋ ስለሆነ አይደለም፤ የማርያምን ማኅበር አብሯት የሚጠጣ ማኅበርተኛዋ ስለሆነ ነው። እሱም «በማርያም ጽዋ፣ ከአፌ አይወጣም» ብሎላት ነበር።

«የእኛ ቤት የራሱ ዘዴ አለው» እያለ ነው አሁን፣ ደረቱን ነፍቶ። «እህተ ማርያም ሚስታቸውን ሆና ነው የምትይዛቸው። ሌሎች መጦሪያዎችም ከእኛ ይማሩ። በሉ አያ አድማሴ፣ እስቲ ንግሥቴን ይጥሯት።»

ከኋላ ከተቀመጡት ሠልጣኞች አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «ሙሽሪት ቀላች» አለ ሌላው።

«አቶ ወንዳወቅ፣ ሰው ለትዕይንት አይቀርብም። ወደ ክፍላቸው ይመለሱ» አለች አሠልጣኟ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሲስተር። አይተው ይፍረዱ።»

አያ አድማሴ የተሰበሰበውን ሰው ሲያዩ ፈሩ። ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙና «ንግሥቴ!» አሉ።

እህተ ማርያም ዝም ብትል ሽማግሌው በዚህ ሁሉ ሰው መሐል ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ብትመልስ ሳቁ አለ። ጭንቅ ሲላት «አቤት» አለች።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

አያ አድማሴ የሚስቁትን አንድ በአንድ አዩ። ቀጥለው እሷን አዩ፤ ቆይተው አዩዋት። የመርሳት በሽታ እንደ ሐምሌ ሰማይ ነው፤ አንዳንዴ ማንም ባልፈለገው ሰዓት ፀሐይ ቦግ ትላለች።

«ንግሥቴማ ሞታለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በእጄ ነው አፈር ያለበስኋት። አንቺ የማን ልጅ ነሽ? በሙት ስም አቤት የምትይ?»

ሳቁ ጠፋ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው፤ እህተ ማርያምን ያቃጠላት ግን ሽማግሌውን የጣለቻቸው እሷ መስላ መታየቷ ነበር።

«ከዳኸኝ፣ ወንዳወቅ» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ወንዳወቅ አንገቱን አከከ። «ለቤታችን ስም ብዬ እኮ ነው፣ እህቴ። ደግሞ ምን አለበት፤ አሁኑኑ ይረሱታል።»

እህተ ማርያም አያ አድማሴን ይዛ ወጣችና ከግቢው ዋርካ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። በልቧ ይርሱት፣ እባክሽ እመቤቴ ይርሱት እያለች ትለማመናለች። ለእኒህ ሰው መርሳትን ስትለምን የመጀመሪያዋ ነው።

ጥቂት እንደቆዩ ፊታቸው ፈታ አለ። በቡሬ በኩል የተነሣውን ደመና በከዘራቸው እያመለከቱ «ዛሬስ ሳይጥል አይቀር፤ ጤፉ ሊጠግብ ነው» አሉ። ስለ አዳራሹ አንድም ነገር አላነሡም። እህተ ማርያም እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ውሃ ላምጣልዎት?»

«አምጪ።»

በኩባያ ቀድታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። አያ አድማሴ እጃቸውን አልሰነዘሩም።

«ቅመሽው» አሉ።

በአገራቸው ደንብ እንዲህ የሚባለው በሰው ቤት ነው። ባዕድ የቀዳውን መጠጥ፣ የቀዳው ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ የሚጠጣ የለም። በገዛ ቤቱ፣ ሚስቱ የሰጠችውን ቅመሽ የሚል ግን አልተፈጠረም። እሷንም አንድ ቀን ብለዋት አያውቁም።

እህተ ማርያም መዳፏን አጥፋ ጠብ አደረገችና እያዩዋት ጠጣች።

አያ አድማሴ ጉሮሮዋን አተኩረው ተመለከቱ። ከዚያ ኩባያውን ተቀበሏትና ውሃውን ጠብታ ሳይቀምሱ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አፈሰሱት።