የአርባ ሰባት ደቂቃ ዝምታ

የፊልም ክበቡን የሚመሩት መምህርት በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ይጽፋሉ፦ "ካሜራ ሊዋሽ ይችላል፣ ኤዲተር ግን አይዋሽም።" ተማሪዎቹም ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። ፈተና ላይ ይመጣል።

የዘንድሮው ሥራ "የትምህርት ቤታችን አንድ ቀን" የተባለ የአሥር ደቂቃ ፊልም ነበር። ርዕሱን የመረጡት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው። ከአሥሩ ደቂቃ ስድስቱን የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው።

ኤዲት የምታደርገዋን ልጅ ክበቡ "ዝንጉዋ" ይላታል። ስሙን ያወጡላት መምህርቷ ናቸው፤ በፍቅር ነው ይላሉ። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ ችግሯ መቅረጫ ከፍታ መዝጋት አታውቅም። አንዴ ምሳዋን አኝካ እስክትጨርስ ተቀድታ፣ ክፍሉ ሁሉ በድምፅ ማጉያ አዳምጧታል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ተቀረጹ። ሲጨርሱ መምህርቷ የተለመደውን ትእዛዝ ሰጡ፤ ማንም ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ የክፍሉ ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ይቀረጽ። ንግግሩ በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ሥር የሚነጠፈው ይህ ዝምታ ነው፤ አለዚያ ስፌቱ ያስታውቃል።

መቅረጫው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ቅጭል አለ።

"ቲቸር፣ አምባሮቹ" አለች ዝንጉዋ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ሦስቱን የብር አምባሮች አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እንደገና ተጀመረ። በሩ ላይ መጥረጊያዋን ይዛ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ሳትቀር ቀጥ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ደወሉ ጮኸ። ተማሪዎቹ አምባር እስኪለበስ የሚጠብቁ ዓይነት አይደሉም፤ ግር ብለው ወጡ።

ዓርብ ጠዋት የክበቡ ሃርድ ዲስክ ከኤዲቲንግ ክፍሉ የለም። የሦስት ወር ቀረጻ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነበር። መምህርቷ "ሁልጊዜ ሁለት ቅጂ ያዙ" ብለው ያስተምራሉ፤ የክበቡ ሁለተኛ ቅጂ ግን ለመጪው ሳምንት ታቅዶ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ተገኘ። ኮሪደሩ ላይ ካለው የጽዳት ሠራተኛዋ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከሳሙናው ጀርባ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ሲወዘወዝ ውስጡ ይንኳኳል።

ምርመራው አጭር ነበር። የክፍሉ ቁልፍ የሚያድረው እሷ ዘንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሽቦ ብዛት መጥረግ ቢያቅታት "አንድ ቀን ይሄን ሁሉ ጠራርጌ ነው የምጥለው" ስትል ሃያ ሰው ሰምቷታል። ዳይሬክተሩ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል አሉ። ሴትየዋ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ሁለት ልጆቿም በሠራተኛነቷ እዚሁ ይማራሉ። እሷ ስትወጣ እነሱም ይወጣሉ። የስንብት ደብዳቤው ወዲያው ተተየበ፤ ፊርማው ግን ከወላጆች ቀን በኋላ ይሁን ተባለ። እስከዚያ አዳራሹን የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋላ።

መምህርቷ ስብሰባው ላይ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እንዲያውም "ሰው ነች፤ ትሳሳታለች" ብለው ይቅርታ ጠየቁላት። ደግነታቸው በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

የጽዳት ሠራተኛዋ ላገኘችው ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበር። "ልሰብረው ቀርቶ አቧራውን ሳራግፍ ራሱ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ።" ዝንጉዋን ስታገኝ ግን ዝም ብላ ታያታለች። ልጅቷም ዓይኗን ትሰብራለች። ሐሙስ ዕለት ሁሉም ከወጣ በኋላ ረሳሁ ብላ መቅረጫዋን ፍለጋ ወደ ክፍሉ የተመለሰችው እሷ ነበረችና። ይህን አንዳንድ ተማሪዎችም መንሾካሾክ ጀምረዋል።

ለፊልሙ የተረፈው መቅረጫው ላይ ያለው ድምፅ ብቻ ሆነ። መምህርቷ ርዝመቱን አዩ፤ አንድ ደቂቃ የተባለው ዝምታ አርባ ሰባት ደቂቃ ሆኗል። አምስት ነጥብ ቀነሱባት።

"አንዷን ደቂቃ አስቀሪና ሌላውን ጣዪው" አሏት።

"ገና ሰምቼ አልጨረስኩትም፣ ቲቸር።"

"ባዶ ክፍል ምን ይሰማል? ኤዲተር የሚታወቀው በሚጥለው ነው። አምጪው፣ እኔ እቆርጥልሻለሁ።"

ልጅቷ ራሴ ልልመደው ብላ አልሰጥም አለች። መምህርቷ በክፍሉ ፊት ትጋቷን አመሰገኑ።

በማግስቱ መቅረጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዝንጉዋ ነካክታው ይሆናል ተባለ። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ ይህም ጥፋቷን እንደማመን ተቆጠረባት። ከዚያ በኋላ ስለ ዲስኩም የምታውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም የሚሉት በዙ።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ዳይሬክተሩ ያልተፈረመውን ደብዳቤ በፋይል ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ ጨርሳ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆማለች። መምህርቷ ስለ ትዕግሥትና ስለ እውነት ጥቂት ተናገሩ፤ ሲያጨበጭቡላቸው እጃቸውን አንስተው አመሰገኑ። ከዚያ ዝንጉዋን ጠሩ፤ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ፊልሙ እንደሌለ ራሷ ትንገር ተብሎ ነበር።

ልጅቷ ማይኩን ያዘች።

"ቲቸር ሁልጊዜ ሁለት ቅጂ ያዙ ይሉናል" አለች። "እኔ ደግሞ ይቺን አልረሳሁም።"

ስክሪኑ ጠቆረ። አንድ አባት "መብራት ሄደ እንዴ?" ቢሉ ሰው ሳቀ። በድምፅ ማጉያው ደወል ጮኸ፣ የተማሪዎች እግር ተንጋጋ፣ ራቀ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጥቂት ቆይቶ ጋዜጣ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ከጋዜጣው ጋር አብሮ ደግሞ፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል።