«አውቃለሁ» ያለች መስሏት

«አቍ» አለች ወለተ ሰንበት፣ እጇን እስከ ጆሮዋ ብቻ አንስታ።

መምህርት ጸሐይነሽ «አውቃለሁ» ያለች መሰላት። የገጠሮቹ ልጆች አማርኛው ስለሚከብዳቸው የቃሉን ጫፍ ይውጡታል፤ ሰቆጣ ከመጣች ወዲህ ይህን ለምዳዋለች። ደስ አላት። የልጅቷ አባት ቄስ ገብረ ጻድቅ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ያያሉ፤ ከሌላው ቀን ሁሉ ዛሬ እጅ በማንሳቷ ተስፋ አደረገች።

«ካወቅሽማ ነይ! ሰሌዳው ላይ ሥሪው።»

ልጅቷ አልተነሣችም። አባቷን አየች፤ ሰሌዳውን አየች።

«ነይ እንጂ!»

ከፊተኛው አግዳሚ የተቀመጠችው የባለ ሱቁ ልጅ ሐሊሜ፣ አፏን በሻሿ ሸፍና «ቲቸር፣ ሒሳቡን ልትጠጣው ነው!» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጸሐይነሽ ቀልዱ አልገባትም። ጠረጴዛውን በዳስተር መታ መታ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው።

ወለተ ሰንበት ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ማካፈል ነበር፤ ያው ጠዋት ከሁሉም ቀድማ የሠራችው ዓይነት። አሁን ግን ቁጥሮቹን አይታቸው እንደማታውቅ ሰው ታፈጥባቸዋለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ጸሐይነሽ በልጅቷ አፈረች። ቄሱ ጠዋት መጥተው «የሚያጯት ሰዎች ሽማግሌ ልከውብኛል» ብለዋት ነበር። «ከቤት ስትሆን ዳዊቱን በቃሏ ትለዋለች። እዚህ አይገባትም ካላችሁ ግን ምን አደክማታለሁ? ይዣት እሄዳለሁ።» «እስከ ከሰዓት ተቀምጠው ይዩአት» ብላ የለመነቻቸው እሷው ናት።

«አውቃለሁ ብለሽ አልነበር?» አለቻት። «የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት ውሸት ነው። ውሸታም! እስክታስታውሺው እዚያው ቁሚ።»

ልጅቷ ልታለቅስ ፊቷን አጨማደደች። እንባ ግን አልወጣትም።

ይሄኔ ቄሱ ተነሡ። «መምህርት፣ ሥርዓት ማፍረስ እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ አንድ ጉንጭ እንኳ ብትቀምስ ምን ይመስልዎታል?»

«ምን ትቅመስ?»

«ውሃ ነዋ። አቍ ብላ ለመነችዎ እኮ። በእኛ አገውኛ ውሃ ማለት ነው።» «ሰምተው የከለከሏት መስሎኝ ነው ዝም ያልሁት» አሉ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕግ ይሆናል ብዬ።»

ሐሊሜ አቀረቀረች። የሚስቅ አልነበረም።

ጸሐይነሽ ያችን ቃል ስንት ጊዜ ሰምታታለች! «ውሃ ልጠጣ» የምትለዋን አማርኛ የከለከለች እሷው ነበረች፤ ከትምህርት ቤቱ በታች ወዳለው ምንጭ የወረደ ልጅ ቶሎ አይመለስም ብላ። ከዚያ ወዲህ ከቀትር በኋላ አንዱ «አቍ» ባለ ቁጥር ፈገግ እያለች ወደ ሰሌዳው ትጠራዋለች፤ ልጁም ቆሞ ይቀራል። በመምህራን ክፍል «አውቃለሁ ይላሉ፣ ሲጠሩ ይደርቃሉ፤ ውሸት አያሳፍራቸውም» ብላ ባልደረቦቿን አስቃለች። ጠዋት እንደ እሳት የሚፋጠኑ ልጆች ከሰዓት ለምን እንደሚፈዙ፣ ለምን በትንሽ ትልቁ እንደሚናከሱ ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቃትም «ስንፍና ነው» ብላለች። እሷ ሲጠማት ለተማሪዎቿ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከእድገት በኅብረት ዘመቻ ይዛው ከተመለሰችው ኮዳ ትጎነጭ ነበር።

ኮዳውን ከመሳቢያው አወጣችው። ክዳኑን ፈትታ ለልጅቷ ሰጠቻት።

ወለተ ሰንበት በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። አገጯ ላይ የወረደውን በመዳፏ ጠርጋ መዳፏን ላሰችው።

«ገና ሳይነጋ ነው ከቤት የምትወጣው» አሉ ቄሱ፤ ድምፃቸው ወቀሳ የለበትም። «ከመንደራችን ውሃው ሩቅ ነው፤ ጠዋት እንስራው ባዶ ነው። የተጠማ ልጅ ልቡ ከየት ይገኛል?»

«አባ» አለች ጸሐይነሽ። ልጆቹ ሁሉ ያዩአታል። «ያልገባት እሷ አይደለችም። ያልገባኝ እኔ ነኝ። እባክዎ አይውሰዷት።»

ቄሱ ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋት። ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች፣ ዝግ ባለ ድምፅ ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?»

ቄሱ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ለመናገር የከበዳቸው ይመስላል።

«ልቆይ ትላለች። ልቆይ፣ ግን ውሸታም አትበለኝ ነው የምትል።»

ጸሐይነሽ የሰሌዳውን ሒሳብ በዳስተር አጠፋችው።

«ይሁን፣ ትቆይ» አሉ ቄሱ፤ በትራቸውን አንስተው ወጡ።

ጸሐይነሽ የጀመሩትን ሒሳብ ትታ ክፍሉን በሙሉ ወደ ምንጩ ይዛ ወረደች። ልጆቹ እየተጋፉ ቀደሟት፤ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠጡ። ወለተ ሰንበትም ደግማ ጠጣች። ስትመለስ በመምህሯ አጠገብ አለፈች፤ ቀና ብላ አላየቻትም።